የእማማ ወርቄ የክት አጎበር

ትናንት አመሻሽ ላይ ስልኬን ይዤ ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር ስመላለስ ባለቤቴ «ምነው ሴትዮ፣ ቁጭ በይ እንጂ! አዞርሽኝ እኮ» አለኝ።

እንዴት ልቀመጥ... ኔትወርክ የለም። ፀሐይዋ ጠልቃለች። ዝቋላ ቆላው ላይ ደግሞ የወባ ትንኝ የምትነሳው ይሄኔ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ስለ ወባ ልናስተምር ከምንኖርበት ከሰቆጣ ወደ ጎረቤታችን ዝቋላ ወረዳ ወርደን ነበር። እኔ እንኳ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ነው። ግን ኽምጣኛውንም አማርኛውንም ስለምችል፣ አፌም ስለማያርፍ ይወስዱኛል። ያቆረ ውሃ አፍስሱ፣ አጎበር ዘርጉ፣ ትኩሳት ሲይዛችሁ ሳታድሩ ጤና ኬላ ሂዱ... ስል ዋልኩ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ።

ሲመሽ ባለሙያዋ ጤና ኬላው ቀረች፣ እኔን እማማ ወርቄ የሚባሉ እናት ቤታቸው ወሰዱኝ። ልጃቸው ለሥራ መተማ ወርዷል። ቤት ያሉት እሳቸውና ምራታቸው አለምነሽ ብቻ ናቸው። አለምነሽ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

እራት እንደበላን እማማ ሳጥናቸውን ከፈቱ። ከጥምቀት ቀሚሳቸው ሥር አጎበር አወጡ። ከነላስቲኩ! እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም።

«ይሄ ለማን ነው እማማ?»

«ላንቺ ነዋ! የእግዚአብሔር እንግዳ በትንኝ ተበልታ ትደር?»

«አለምነሽስ?»

«እሷ የቤት ሰው ናት። ለምዳዋለች።»

ለምዳዋለች! ልጅቷ አምና በመስከረም ወባ ጥሏት በቃሬዛ ነው ለሕክምና የወሰዷት፤ ራሷ ነግራኛለች። አሁን ደግሞ ሁለት ነፍስ ናት። ቀኑን ሙሉ «ቅድሚያ ለነፍሰ ጡር» እያልኩ ስጮህ እማማ ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲሰሙኝ ነበር እኮ! ትምህርቱማ ገብቷቸዋል... ግን አጎበሩ የክት ነው። በእኛ አገር ጥሩ ነገር ለእንግዳ ይቀመጣላ።

አይሆንም ብላቸው «በገዛ ቤቴ ልታዋርጂኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ቢጨንቀኝ «እማማ፣ በሰው አገር ብቻዬን መተኛት እፈራለሁ» ብዬ አለምነሽን ጎኔ አስተኛኋት።

ጠዋት ስነሳ ምን ባይ ጥሩ ነው... እማማ አጎበሩን አጣጥፈው ወደ ሳጥኑ እየከተቱ ነው! «ስትመለሺ እንዘረጋዋለን» አሉኝ።

ከአፌ ያመለጠኝን ስሙ።

«እኔማ እመለሳለሁ እማማ። ቀኑን ግን አላውቀውም... ተሰቅሎ ይጠብቀኝ። መደቡንም አለምነሽ ታሙቅልኝ።»

«እንዲህማ ካልሽ...» ብለው መልሰው ሰቀሉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየአመሻሹ በአለምነሽ ስልክ እደውላለሁ። «እማማ፣ ዛሬ ሳልመጣ አልቀርም።» ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ እላችኋለሁ! መዋሸቴ ይከነክነኛል። አንድ ቀን ያልደወልኩ እንደሆነ ግን አጎበሩ ሳጥን ይገባል፣ ያቺ ልጅ ደግሞ እንደ አምናው... ይሄን ሳስብ መቀመጫ አጣለሁ።

ትናንት ኔትወርኩ የመጣው ድንግዝግዝ ካለ በኋላ ነው። ወዲያው ደወልኩ። ያነሱት ራሳቸው እማማ ናቸው።

«እማማ! ሳልደውል መሸብኝ... አጎበሩስ?»

«ተዘርግቷል። አለምነሽም ገብታ ተኝታለች። ምን ሆነሻል አንቺ? እንግዳ ደውሎ ነው እንዴ የሚመጣው?»

እፎይ... ዱካው ላይ ዘጭ አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ደሞ ስሚኝ ልጄ! ሁለት ጊዜ ጠላ ጠምቄልሽ ሁለቱንም ጎረቤት ጠጣው። ሦስተኛው ቅዳሜ ይደርሳል። ትሰሚያለሽ?»

«እ... እሰማለሁ እማማ።»

ባለቤቴ ይሄን ሰምቶ እስካሁን ይስቅብኛል። እኔ ግን ቅዳሜ ዝቋላ ነኝ፤ የራሴን አጎበር በዘንቢል ይዤ። የተጠበቀችው እንግዳ እኔ ብሆንም፣ አለምነሽን ከዚያ አጎበር ሥር የሚያስወጣት የለም!