ሰዓት ሊጠይቅ የገባው ሰዓት ሠሪ

ጅጅጋ ውስጥ ጋሽ ጁነይድን ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው ሰው የለም ብል አላጋነንኩም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቄ በረንዳ ላይ፣ ከአንዲት ጠባብ ጠረጴዛና ከመስታወት ሳጥን ኋላ ተቀምጠው ሰዓት ሲጠግኑ ኖረዋል። ለበረንዳው ኪራይ አልተቀበልኳቸውም፤ እሳቸውም የሱቄ የግድግዳ ሰዓት አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ እንድትቀር አልፈቀዱላትም። ወልደሥላሴ የሚለውን ስሜን አሳጥረው ወልዴ ይሉኛል፤ እኔ ጋሽ ጁነይድ እላቸዋለሁ። በዚህ ተስማምተን እንኖር ነበር።

ከሰዓት ጋር የተዋወቁት አፍደም ባቡር ጣቢያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ሠርተዋል፤ ትኬት ቆርጠዋል፣ ደወል ደውለዋል፣ ባቡሩ ሲዘገይ የተሳፋሪውን ስድብ በባቡሩ ፈንታ ተቀብለዋል። ባቡሩ ቀርቶ ጣቢያው ጭር ሲል ባለቤታቸውም በዚያው ዓመት ሞቱባቸው። ልጃቸው ሳሚያ አይሻ ከተማ አግብታ ነበርና እኔ ዘንድ ይኑሩ ብትላቸው፣ አማች ቤት መጦር አልዋጥላቸው አለና ትንንሽ መፍቻዎቻቸውን ይዘው ጅጅጋ መጡ።

አንድ የሚደብቁት ነገር ነበራቸው፤ የስኳር በሽታ። ጧት አንድ ሰዓት ላይ መርፌ ይወጋሉ። የመርፌው ጉልበት እኩለ ቀን ላይ ስለሚበረታ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የግድ ምሳ መቅመስ አለባቸው። ካልቀመሱ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እንኳን እሳቸው ሐኪሙም ሊናገረው አይወድም። አሥራ አንዱን ወር ይህ ምንም አያስቸግርም። ችግሩ ረመዳን ነው።

በረመዳን ጅጅጋ ውስጥ ቀን ቀን ምግብ ቤት አይከፈትም፤ እኛ ክርስቲያኖቹ የምንበላባቸው ጥቂት ቤቶች ብቻ በራቸው ላይ መጋረጃ ጥለው ይሠራሉ። ለታመመ ሰው አለመጾም እንደተፈቀደ ጋሽ ጁነይድ ያውቃሉ፤ ግን ማወቅና ማድረግ ለየቅል ናቸው። የተከራዩበት ግቢ ባለቤት ካልቱን የምትባል የልብስ ነጋዴ ናት። ማታ ማታ ማፍጠሪያ በሰሃን ትልክላቸዋለች፤ ጾም የሚያስቸግራቸውን ልጆቿን "አደር ጁነይድን አታዩም?" እያለች ትገሥጻለች፤ አደር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ምስጋና መሀል በር ዘግቶ ዳቦ መግመጥ ለእሳቸው ስርቆት ሆነባቸው። ለክፉ ቀን ብለው በኪሳቸው የሚይዟትን ከረሜላ እንኳ ጨረቃ የታየች ዕለት አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉባታል። ስለ በሽታው ለማንም ትንፍሽ እንዳልል እጄን ይዘው አስምለውኛል፤ እኔም በእመቤቴ ምያለሁ።

ማንም ሳይነግራት ነገሩ የገባት አንዲት ሴት ነበረች፤ የምግብ ቤቷ ባለቤት እናትአለም። በመጀመሪያው ረመዳን መጋረጃውን ገልጠው ገብተው ስኳር የበዛበት ሻይ ሲያዟት፣ ብርጭቆውን የያዘውን እጃቸውን አየችና ምንም አልጠየቀቻቸውም። ከነገ ጀምሮ በጓሮ በር ይግቡ አለቻቸው። ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ አኖረችላቸው። ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ትንሽ ድስት ገዝታ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት፤ ሽሯቸው በዚያች ብቻ ይሠራል። ስድስት ረመዳን እንዲህ አለፈ። ጋሽ ጁነይድ ለሳሚያ በስልክ፣ እንደ ቤቴ የሚያበሉኝ ሰዎች እዚህ አሉ ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ማን እንደሆኑ ግን አልነገሯትም።

በ2007 ዓ.ም. እናትአለም ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ቤቱን አከራየችና ናዝሬት ልጇ ዘንድ ሄደች። የተከራየው መልአክ የሚባል ሰው ነው፤ ስም አይገዛም እንጂ ቢገዛ ኖሮ ገንዘቡን ይመልሱለት ነበር። ግድግዳውን ብርቱካንማ ቀለም ቀባው፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀለ፣ አስተናጋጆቹን አንድ ዓይነት ሸሚዝ አለበሰ፣ የጓሮውን በር በሚስማር ዘጋው። ከመስተንግዶው በቀር ሁሉም ነገር አማረ። ማህደር የምትባለው አስተናጋጅ አንድ ጊዜ "እሺ" ካለችህ በቃ፣ ምሳህ "እሺ" ናት። ቀይ ክር ያለባትን ድስት አንድ ቀን ከመታጠቢያው ሥር አየኋት፤ የወለል መወልወያ ጨርቅ ተዘፍዝፎባታል። ለጋሽ ጁነይድ ስነግራቸው፣ እንግዲያው ዳቦና ሻይ ይበቃኛል አሉ።

ሌላ መላም ሞክረን ነበር። ሱቄ ውስጥ ከጨርቅ ክምር ኋላ ተቀምጠው ይብሉ ብያቸው ነበር፤ ሴቶቹ ደንበኞቼ ሲያማርጡ ክምሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ስለሚበረብሩት አልሆነም። ስለዚህ ረመዳኑ ሰኔ ላይ ሲገባ ወደ መልአክ ቤት መሄድ ጀመርን። ሰው እንዳያይብን ተለያይተን እንገባለን፣ ተለያይተን እንቀመጣለን። እሳቸው ጥግ ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቶሎ ቶሎ ይበላሉ። አራት ቀን እንደምንም አለፈ።

አምስተኛው ቀን ጥጉ ላይ ያለው ጠረጴዛ "የተያዘ" የሚል ጽሑፍ ተቀምጦበታል። ማህደር ከበሩ ሥር፣ ከመጋረጃው አጠገብ አስቀመጠቻቸው። እዚያ አይመቸኝም ልጄ ብለው ለመኗት፤ ሌላው ተይዟል አለቻቸው። ማን እንደያዘው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ እስክወጣ ድረስ ማንም አልተቀመጠበትም። የጅጅጋ ነፋስ ደግሞ መጋረጃ አይወድም፤ በገለጠው ቁጥር ጋሽ ጁነይድ ፊታቸውን በእጃቸው ይከልላሉ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦና ሻይ አዘዙ። ማህደር እሺ አለች። ሰባት ሰዓት ሆነ። ከእሳቸው በኋላ የገቡ ሁለት ሾፌሮች በልተው እጃቸውን ታጠቡ። የጋሽ ጁነይድ እጅ መንቀጥቀጥ መጀመሩ ከሦስት ጠረጴዛ ማዶ ይታየኛል። ማህደርን እንደገና ጠርተው ዳቦው ቢቀር ሻዩን ብቻ፣ ስኳር አብዝታ እንድታመጣላቸው ጠየቋት። እሷ ሄዳ ለመልአክ አንድ ነገር ሹክ አለችው።

መልአክ ከሒሳብ መቀበያው ኋላ ሳይነሣ፣ "አባት፣ ስምዎ ማን ነው?" አለ።

ሾፌሮቹ ዞረው አዩዋቸው። "ጁነይድ" አሉ።

"ታዲያ በረመዳን እዚህ ምን ይሠራሉ? ነገ የሰፈሩ ሰው ጾመኛ ታስገድፋላችሁ ብሎ ቢነሣብን እርስዎ ነዎት የሚመልሱልን?"

ፍርሃቱ ውሸት ነው አልልም፤ ሰው ነውና ይፈራል። ግን ፈሪም ቢሆን ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ጠጋ ብሎ፣ በጆሮ መጠየቅ ይችል ነበር። ጋሽ ጁነይድ ታምሜ ነው ቢሉ ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔም ታመዋል ብል ያልቅ ነበር። እሳቸው አፈሩ። እኔ ምያለሁ፤ አፌ ውስጥም ጉርሻ ነበረ። መሐላ ይበልጣል ወይስ ሰው እያልኩ ሳሰላስል እሳቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

"ሰዓት ልጠይቅ ነው የገባሁት" አሉና ወጡ። የእጅ ሰዓታቸው አንጓቸው ላይ ነበረች። አንደኛው ሾፌር ሳቀ።

እኔ ደግሞ ብልህ ነኝ አይደል፣ ሮጬ እንደመከተል የሚበላ ነገር ይዤላቸው ልሂድ ብዬ ማህደርን ጠራኋት። ዳቦ ስጪኝ ብላት፣ ዳቦ ለብቻው አይሸጥም አለች። ከሽሮ ጋር አድርጊልኝና ልውሰደው ብላት፣ የቴካዌይ ዕቃ አልቋል አለች። በፌስታል ቢሆንስ ብላት መልአክን ልጠይቅ አለች። መልአክ ስልክ እያወራ ነበር፤ ጣቱን አንሥቶ እንድንጠብቅ ምልክት ሰጠን። ባዶ እጄን ስወጣ አሥር ደቂቃ አልፏል። ያቺን አሥር ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ራሴንም ይቅር አላልኩትም።

ካልቱን ልብስ ከምትሸጥበት መደብ ፊት ሰው ተሰብስቧል። ጋሽ ጁነይድ የልብስ ቦንዳ ተደግፈው ዓይናቸው ይንከራተታል፤ ብጠራቸውም አልለዩኝም። ካልቱን በሻሿ ታራግብላቸዋለች። ሰዉ ሁሉ፣ ሽማግሌው ጾም ጸናባቸው ብሎ አዝኖ ጥላ ይዞላቸዋል፣ ግንባራቸው ላይ ውሃ ይረጫል፣ ዱዓ ያደርጋል። ከአጠገብ ካለው ሱቅ አንድ ለስላሳ አስከፍቼ ወደ አፋቸው ሳስጠጋ አንድ ጎልማሳ እጄን ያዘኝ። ክፉ ሰው አይደለም። እኚህ አባት እስከዚህ ሰዓት ችለውታል፣ ሰው ጾማቸውን አፈረሰባቸው ሲባል ኋላ ያዝናሉ፣ መኪና እየመጣ ስለሆነ ትንሽ ታገሥ አለኝ በትሕትና። ብታገለው ሌሎች ተጨመሩ። መልአክ ቤት ያጣሁት ርኅራኄ መንገድ ላይ ሞልቶ ተርፎ ወዳጄን ሊገድልብኝ ሆነ።

ያን ጊዜ መሐላዬን አፈረስኩ። "ጾመኛ አይደሉም! ስኳር አለባቸው!" አልኩ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ።

የያዘኝ እጅ ወዲያው ለቀቀኝ። ካልቱን ጠርሙሱን ከእጄ ወስዳ፣ አንገታቸውን ደግፋ፣ ራሷ ጠብ ጠብ እያደረገች አጠጣቻቸው። ታለቅስ ነበር። "ለምን ለኔ አልነገረኝም?" አለችኝ። "እናቴም ስኳር ነበረባት። እኔ ራሴ አበላው ነበር።"

ሰባት ዓመት የተደበቀው ነገር ለካ ካልቱን ግቢ ውስጥ መደበቅ አያስፈልገውም ነበር።

ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኙ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ እንኳን የሰዓት ብሎን ማንኪያ ማንሣት አቃተው። ልባቸው ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ ለሰው ነግሬ እንደሆነ ነው። ነገርኩ አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳሚያ ከአይሻ መኪና ይዛ መጣች። አባቷን ልትወስዳቸው ነው፤ እሳቸውም ከዚህ በኋላ አማች ቤት አልኖርም የሚሉበት እጅ የላቸውም። ጠረጴዛቸውንና የመስታወት ሳጥናቸውን ጫንን። መኪናው ሊነሣ ሲል ሳሚያ አንድ ካርቶን ቴምርና አዲስ ፔርሙዝ ከኋላ አወረደችና፣ አባቴን እንደ ቤቱ ሲያበሉት የኖሩት ሰዎች የት ናቸው፣ ሳላመሰግናቸው አልሄድም አለችኝ።

እነሱ እኮ፣ ብዬ ልጀምር ስል ጋሽ ጁነይድ ከመኪናው ውስጥ እጄን በግራ እጃቸው ያዙኝ። ድሮም ሲያስምሉኝ እንዲህ ነበር የያዙኝ።

"ተዋት ወልዴ" አሉኝ ቀስ ብለው። "አባቴ ተከብሮ ኖረ ብላ ትሂድ።"

ይዣት መልአክ ምግብ ቤት ገባሁ። መልአክ ካርቶኑን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ፤ ቆሞ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። በሁለት እጁ ተቀበላት። ጋሽ ጁነይድ የቤቱ ሰው ናቸው፣ አባታችን ናቸው አለ። ሳሚያ እሱንም ቤቱንም ልጆቹንም መረቀች። ማህደርን ጠርቶ በጆሮዋ አንድ ነገር አዘዛት፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ባለክዳን የቴካዌይ ዕቃ ትኩስ ሽሮና እንጀራ ይዞ መጣ።

"የታመመ ሰው ጹም አይባልም" አላት መልአክ። "መንገድ ላይ ይቅመሱ።"

በዚያ ሰዓት አፌ ውስጥ ጉርሻ አልነበረም። ግን ምንም አላልኩም።

ሳሚያ መኪና ውስጥ ገብታ ዕቃውን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችና፣ አባ፣ እንዴት ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው አለቻቸው። ቀይ ክር በሌላት፣ ሥጋ በሚሠራባት ድስት እንደተሠራ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። ሰዓታቸውን አዩ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል። ጧት ተወግተዋል። ሳሚያ ጠቀለለችና እጇን ወደ አፋቸው ዘረጋች። ጋሽ ጁነይድ አንድ ጊዜ እኔን አዩኝና፣ ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ።