ሞት የሚያፍርበት ስም

ልጅ ሳለሁ አንድ ምሽት ከአፌ ያወጣሁትን ቃል እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዓይን አፋር ነኝ፤ ስለ ራሴ ማውራት ይጨንቀኛል። አሁን የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው። ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምታስተምር አንዲት ነፍሰ ጡር፣ የምትወልደው ሴት ከሆነች በእኔ ስም ልትጠራት እንዳሰበች አጫወተችኝ። ወንድ ኑርልኝ በየሰፈሩ ሞልቷል፣ ሴት ኑሪልኝ ግን ካንቺ በቀር አላየሁም አለችኝ። ትርጉሙንና ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ። ልጅ የሞተባት እናት ለምትከተለዋ የምታወጣው ስም ነው፣ አንቺ እንኳ ሁኚልኝ፣ አትሙቺብኝ ማለት ነው ብያት ወደ ክፍሌ ገባሁ። ጠመኔው ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ስሙ የኔ አይደለምና።

ያደግሁት ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር፣ አምስት ቤተሰብ ተከራይቶ በሚኖርበት አንድ ሆሽ ውስጥ ነው፤ ግቢን እዚያ ሆሽ ነው የምንለው። እናቴ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ስለነበር ከዓርብ በቀር የምትመለሰው መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ነው። እስክትመጣ የምትጠብቀኝ ጎረቤታችን ዘሀራ ነበረች። እንደኛው የወሎ ሰው ናት፤ ግን ካርቱም ላይ ያረጀች ስለሆነች የሆሹ ልጆች ሁሉ፣ ሱዳኖች አያታቸውን እንደሚጠሩት፣ ሐቦባ እንላት ነበር።

ሐቦባ ኦቾሎኒ ቆልታ ትሸጥ ነበር። አመሻሽ ላይ ከሰሏን አቀጣጥላ፣ ሰፊ ብረት ላይ አሸዋ ታግልና ኦቾሎኒውን በጋለው አሸዋ ውስጥ ታገላብጠዋለች፤ እኛ ዙሪያዋን ተቀምጠን የቀዘቀዘውን በመዳፋችን እያሸን ቀዩን ገለባ እፍ እንላለን። መብራት ሲጠፋ ፋኖሷን ግቢው ውስጥ ያለችው የኒም ዛፍ ላይ ትሰቅለዋለች። ያኔ የጋለ አሸዋ፣ የላምባና የከሰል ጢስ ሽታ ተቀላቅሎ ግቢውን ሲሞላው፣ ፍሙ ፊቷን ከሥር እያቀላው፣ መቁያዋን ሳታቆም ተረቷን ትጀምራለች። ብዙ ተረት ታውቅ ነበር፤ የምንወደው ግን የኔን ስም ተረት ነው።

አንዲት ሴት ነበረች። ልጅ በወለደች ቁጥር ሞት በሯን ያንኳኳና የሕፃኑን ስም ይጠይቃል፤ ሞት ሰውን በስሙ ሳይጠራ መውሰድ አይችልምና። ስሙን ትነግረዋለች፣ ይጠራዋል፣ ይዞት ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለች ሦስት ቀበረች። አራተኛዋ ስትወለድ አንድ ሸህ መላ መከሯት። ሞት መጣ። «ማን ብለሻታል?» አለ። ነገረችው። በሩ ላይ ቆመና «ኑሪልኝ» ብሎ ተጣራ። አፉ ያለውን ጆሮው ሰማ። ኑሪ ያላትን እንዴት አድርጎ ይወስዳታል? አፈረ። ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ ሄደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

«ያቺ ልጅ ማን ናት?» ስትል ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ይቀስራል። ከእፍረቴ የተነሣ አንገቴን እደፋለሁ፤ ግን ከዚያ ሁሉ ልጅ መሀል ሞትን ያሳፈርኩት እኔ ብቻ ነኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሐሊማ በስሟ ተጨንቃ ሞት እሷን ሲጠራ በምን እንደሚያፍር ስትጠይቅ፣ ሐቦባ «አንቺንማ አንድ ሌሊት ጩኸትሽን ሰምቶ በማግስቱ በታክሲ ይመልስሻል» ትላታለች። ሐሊማም በዚያ ትጽናናለች።

የማይገባኝ አንድ ነገር ነበር። ስምንት ዓመቷ ነው ተብዬ ትምህርት ቤት ስገባ የፊት ጥርሴ እንኳ ገና አልወለቀም ነበር፤ ከክፍሉ ሁሉ አጭሯ እኔ ነኝ። እናቴን ስጠይቃት የወሎ ሰው ጥርሱ ይዘገያል አለችኝ። አመንኳት። ልጅ ምን አማራጭ አለው?

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በአንድ ዓርብ፣ ድሮ ሆሹ ውስጥ ትኖር የነበረች ከድጃ የምትባል ሴት ከገዳሪፍ መጣች። ሐቦባ ገበያ ነበረች። እናቴ ሻይ አቀረበችላትና እንድስማት ጠራችኝ። ሴትዮዋ አቅፋ ስማኝ ስሜን ጠየቀችኝ። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ የምወደው ይህን ብቻ ስለነበር ስሜን ከነተረቱ ነገርኳት። ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ኑሪልኝ?» አለች እናቴን እያየች። «የዘሀራን ኑሪልኝ እኮ አጥቤ የከፈንኳት እኔ ነኝ።»

እናቴ ወሬ ለማስቀየር ሞከረች፤ አልሆነላትም። እንግዳዋ እንደወጣች ቀሚሷን ይዤ አለቅም አልኩ። የታጠበ ልብስ እያጠፈች፣ አንድም ጊዜ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ ቁርጥራጭ አድርጋ ነገረችኝ። በመተማ ስንሻገር ወረቀት አልነበረንም። ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ ልደት ወረቀት አይቀበልም። የሐቦባ ልጅ እኛ ከመምጣታችን በፊት በክረምት ወባ ሞታ ነበር፤ ወረቀቷ ግን በወተት ጣሳ ውስጥ ነበር። ሐቦባ ራሷ አወጣችው፣ ራሷም እጄን ይዛ አስመዘገበችኝ። በየጠዋቱ የአባቴ ስም ነው ብዬ የምሸከመው ሰይድም የሐቦባ ሟች ባል ነበር። የኔ አባት ይማም ይባላል። እኔ ደግሞ፣ ገና አፍ ሳልፈታ ኑሪልኝ ማለት እስኪጀምሩኝ ድረስ፣ ሉባባ ነበርኩ።

«ታዲያ ኑሪልኝ ማን ናት?» አልኳት።

«ወረቀት ናት ልጄ» አለች። «ስም አይደለም፣ ወረቀት ነው። ካወራሽ ትምህርትሽ ይቀራል፣ ሐቦባንም ፖሊስ ይወስዳታል። ዝም በይ።»

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። በእናቴ ተናደድኩ፤ ልብስ ማጠፏን አላቆመችምና። ልጅ ከፊደል በፊት ወረቀት አምጪ በሚሉት ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ ግን በሐቦባ ተናደድኩ። ስሙን መስጠቷ አልነበረም ያቃጠለኝ፤ ተረቱ ነው። ሞት አፈረ ያለችኝ ሞትን በዓይኗ ካየች በኋላ ነው። ለምን? ወረቀቱን ብቻ ሰጥታኝ ዝም ብትል ምን ነበረበት?

የዚያን ዕለት አመሻሽ እንደወትሮው ተቀመጥን። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሐሊማ የኑሪልኝን ተረት ንገሪን አለች፤ ሐቦባም ጀመረች። ሦስቱን ቀበረች፣ ሸሁን አስመከረች፣ ሞትን በር ላይ አቆመች። «ማን ብለሻታል?» ስትል ተነሣሁ።

«ሞት አላፈረም» አልኩ። «ጠራትና ወሰዳት። አልኖረችልሽም።»

ትንንሾቹ ምን እንዳልኩ አልገባቸውም። የሐቦባ እጅ ቆመ። እኔ እስከማውቀው ድረስ አንዲት ፍሬ አሳርራ የማታውቅ ሴት፣ ኦቾሎኒው እየከሰለ፣ ጢሱ ፋኖሱን እየጋረደው፣ አሸዋውን አየች።

«አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «በቀን ስንቴ እንደምጠራት አንቺ አታውቂም?»

በዚህ ማዘን የነበረብኝ ይመስለኛል። አላዘንኩም፤ ባሰብኝ። በቀን ስንት ጊዜ ኑሪልኝ ብላኝ አቤት ብዬ እንደሮጥኩ አሰብኩ። ውሃ ሳቀብላት፣ እግሯን ሳሻት፣ ያ ሁሉ አቤት የሌላ ልጅ ነበር። ገብቼ በሩን ወረወርኩት።

ሐቦባ ዛሬ የለችም፤ ካርቱም ልጇ አጠገብ ተቀብራለች። ያ ሆሽም ከጦርነቱ ወዲህ ሰው አልባ ሆኗል። ስለዚያ ምሽት አንድም ቀን አላነሣችብኝም፣ እኔም ይቅርታ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ዲፕሎማዬም ፓስፖርቴም በዚያች ልጅ ስም ነው፤ በወረቀት ላይ ዛሬም በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ብርቅ ስም ነው ሲሉኝ ያ ያረረ ኦቾሎኒ ይሸተኛል። ቁጣዬ አልበረደም። በማን ላይ እንደሆነ ግን እንደ ልጅነቴ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ለባልደረባዬ እምቢ ማለት እንዳለብኝ ወይም እንደሌለብኝም ገና አልወሰንኩም።

ከዚያ ምሽት በማግስቱ ጠዋት እናቴ ማልዳ ወደ ሥራ ወጥታ ነበር። ሐቦባ ሁልጊዜ ከደጇ ሆና ረፈደብሽ እያለች በስሜ ትጠራኝ ነበር፤ የዚያን ዕለት አልጠራችም። በሯ ግን ገርበብ ብሎ ነበር። ሳልሰናበታት አለፍኩ። ክፍል ገብቼ ቁጭ አልኩ፤ መምህሩ መዝገቡን ገልጦ ስም መጥራት ጀመረ። እኔ ጋ ሲደርስ ዝም ልል ወስኜ ነበር። ይቅር፤ ትምህርቱም ይቅር።

«ኑሪልኝ ሰይድ» አለ። ዝም አልኩ። ደገመው። ሐሊማ በክርኗ ጎሸመችኝ። መምህሩ ቀና ብሎ አየኝና ቀይ እስክሪብቶውን አነሣ።

«አለች ወይስ የለችም?»

ተነሥቼ ቆምኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰው ፊት እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

«አለች» አልኩ።