በጉም ውስጥ የተጎበኘው ገብስ

የተመደብኩባት ቀበሌ በወረዳው ግብርና ቢሮ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ካርታ ከወረዳው ከተማ ከመሐል ሜዳ የምትርቀው ሁለት ጣት ያህል ነበር። ሁለቱን ጣት በእግሬ ስሄደው አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። እኔ የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ነኝ፤ ከዓለም ከተማ ቁልቁል ተወርዶ፣ ሰው ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገረ የሚውልበት አገር። ስለ ብርድ የማውቀው በማሠልጠኛው ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን አንድ መስመር ነበር፤ "የደጋ አየር ጠባይ ቀዝቃዛ ነው" ይላል። በዚህ ዕውቀትና በአንድ ስስ ጃኬት ታጥቄ መንዝ ገባሁ።

ጊዜው አዲሱ መንግሥት ከገባ ዓመታት የተቆጠሩበት፣ ገበሬ "አርሶ አደር" የተባለበት ጊዜ ነው። "ገበሬ" ያለ ባለሙያ በግምገማ ላይ ተነሥቶ ራሱን ይነቅፋል። አርሶ አደሮቹ ግን ራሳቸውን ገበሬ ማለታቸውን አልተዉም፤ የሚገመግማቸው ስላልነበረ ይመስለኛል። እኔን ደግሞ "ግብርናው" ይሉኛል፤ ስሜን ለማወቅ የቸኮለ አልነበረም።

ያረፍኩት ስድሳ ዓመት ባለፋቸው አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ሚስታቸው ጃኬቴን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ወደ ጓዳ ገብተው ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና አመጡልኝ። "ይህን ደርብ፤ ያንተን ለበጋ አስቀምጠው" አሉኝ። መንዝ ውስጥ ለጃኬቴ የሚሆን በጋ ግን በቆየሁበት ዘመን ሁሉ አልመጣም።

በዚያ ዓመት በጥር ወር ለቀበሌው ሕዝብ ያስተማርኩት አጭርና ግልጽ ነበር፦ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ በመስመር መዝራት፣ ቀድሞ መዝራት። ሽማግሌው ሁሉንም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝና ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለችውን ማሳቸውን ሰጡኝ። እኔም "ሞዴል አርሶ አደር" ብዬ መዘገብኳቸው። ጎረቤታቸው የሆኑት ባል የሞተባቸው ሴት ግን ራሳቸውን አልነቀነቁም፤ ይጠይቁ ነበር። መስመርና መስመሩ ምን ያህል ይራራቅ? ዘሩ ስንት ጣት ይግባ? የነገርኳቸውን በስንዝራቸው ለክተው ያቺን ያለቻቸውን አንዲት ማሳ ከዳር እስከ ዳር ዘሯት። እንዲህ ያለ ተማሪ በማግኘቴ ኮራሁ።

ገብሱ በቀለ፤ በሚያዝያ መጀመሪያም ሊያሸት ደረሰ። ሰኞ ዕለት ከወረዳው ደብዳቤ መጣልኝ። ሐሙስ ከዞን የሚመጣ የልዑካን ቡድን የበልጉን አዝመራ ስለሚጎበኝ ሞዴሉን ማሳ እንዳዘጋጅ ይላል። ማሳ እንዴት እንደሚዘጋጅ አልተገለጸም። ከደብዳቤው ጋር የበልግ ሁኔታ መግለጫ የሚባል ቅጽ ተያይዟል፤ በየቀኑ ተሞልቶ እንዲላክ። ሦስት ሣጥኖች አሉት፦ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ።

ሰኞ ጧት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነበር። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ቆዳ ትልጥ ጀመር፤ እንደ ቆላችን ሞቀልኝ ስል ከሰዓት በኋላ የተነሣው ነፋስ ባናውን ከትከሻዬ ሊነጥቀኝ ታገለ። ይህን ሁሉ ደምሬ አካፈልኩና "መካከለኛ" ላይ ምልክት አደረግሁ። ቅጹ ወደ ከተማ በሚሄድ ሰው እጅ ማክሰኞ መሐል ሜዳ ሲደርስ እኛ ዘንድ ደስ የሚል ዝናብ ያካፋ ነበር። ማክሰኞ "ጥሩ" ብዬ ላክሁ። በዚህ አሠራር ወረዳው ስለ ትናንት አየር ጠባያችን የተሟላ መረጃ ነበረው።

ሽማግሌው ቅጹን አስነበቡኝና "እግዜር ያውቃል" የሚል ሣጥን እንዳለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። ለቢሮው ከልባቸው አዘኑለት።

ረቡዕ ሕዝቡ ለመንገድ ሥራ ወጣ። የእንግዶቹ መኪና ጭቃ ውስጥ እንዳይቀር ድንጋይ እየተሸከምን ጉድጓድ ስንሞላ ዋልን። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በግሼ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሽማግሌው የያዙትን ድንጋይ ጥለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሲራመዱ ሕዝቡም ተከተላቸው፤ እኔ ሥራው አልተጠናቀቀም እያልኩ ለጥቂት ጊዜ ብቻዬን ቆምኩ። ከዚያ እኔም ሮጥኩ። በረዶው መጀመሪያ እንደ ሽምብራ ነበር፤ ቀጥሎ እንደ ባቄላ፤ ከዚያ በኋላ የሚመስለው እህል አጣሁለት። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሲያባራ አገሩ ነጭ ሆኖ ነበር፤ በጎቹ ራሳቸው ከመሬቱ ተለይተው አይታዩም።

ወደ ማሳዎቹ ወረድን። የሞዴሉ ገብስ አገዳው ተሰብሮ መሬት ላይ ተነጥፏል። የሽማግሌው ጎረቤት ሴትየዋ ከራሳቸው ማሳ ዳር ቆመው አንድ አገዳ አንሥተው በጣታቸው ቀስ ብለው ላጡት፤ ውስጡ ገና ወተት ያልቋጠረ ዛላ አለ። እኔ መስመሮቹን አየሁ። ከበረዶው በኋላም ቀጥ እንዳሉ ናቸው፤ በስንዝር የተለኩ።

"እትዬ..." ብዬ ጀመርኩ።

"እግዜር ያመጣው ነው፤ አንተ ምን ታደርግ" አሉኝ።

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቤት ገብቼ "ደካማ" ላይ ምልክት አደረግሁ፤ በሥሩም ስለ በረዶው ጻፍኩ። ወረቀቱ ሐሙስ ጧት ሲነሣ ልዑካኑም ከዚያ ወዲህ ተነሥተዋል። እውነትና እንግዶቹ መንገድ ላይ ተላለፉ።

ሐሙስ ጉም ሆነ። ጉም ስል የቆላ ሰው እንደሚያስበው ተራራ ላይ የተቀመጠ ጥጥ አይደለም፤ ከፊት ለፊቴ የሚሄደው ሰው ጀርባ የሚጠፋበት፣ ቅንድብ ላይ ውኃ የሚቋጥር ጉም ነው። ሁለቱ መኪኖች ስድስት ሰዓት ላይ መብራታቸውን አብርተው ደረሱ። የቡድኑ መሪ አዲስ ካፖርት የለበሱ፣ አንገታቸውን በሻርፕ የጠመጠሙ፣ ቸኮል ያሉ ሰው ነበሩ። ሕዝቡ ተሰልፎ አጨበጨበ። ለማን እንደሚያጨበጭብ ባይታየውም ጭብጨባው ደማቅ ነበር።

ወደ ሞዴሉ ማሳ መራኋቸው። ዳሩ ላይ ስንቆም የሚታየው አንድ ድንጋይና የራሳችን ጫማ ነው።

መሪው ማሳው ከየት እስከ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። እጄን ወደ ጉሙ ዘረጋሁ፤ ከዚህ እስከዚያ አልኳቸው። ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። በዚያች ቅጽበት "በረዶ መቶታል" ማለት እችል ነበር። ሁለት ቃል ነው። ግን ባለፈው ግምገማ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ችግር ብቻ ያወራል ተብሎ ምን እንደደረሰበት ትዝ አለኝና ሁለቱን ቃላት ዋጥኳቸው።

መሪው ወደ ሽማግሌው ዞሩ። "አባቴ፣ የዘንድሮው በልግ እንዴት ነው?"

ሽማግሌው መጀመሪያ እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

"እንደምታዩት ነው" አሉ።

መሪው ማስታወሻ ወደሚይዘው ሰው ዘወር ብለው እንዲጽፈው ነገሩት። ከኋላ ሴትየዋ ድምፃቸው ተሰማ፤ ረቡዕ የወረደው በረዶ ብለው ጀመሩ። መሪው የሰሙት በረዶ የምትለዋን ቃል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። "እውነት ነው እናቴ፣ ብርዱስ ከባድ ነው" ብለው ሻርፓቸውን አጠበቁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር የሴቶች ጥያቄ ከምሳ በኋላ እንደሚደመጥ አሳሰበ። ከምሳ በኋላ ግን ማንም ምንም አላደመጠም። ሁዳዴ ስለነበር በግ አልታረደም፤ ከዚያ በልግ የተጠቀመ ካለ በጉ ነው። እንግዶቹ ሽሯቸውን በልተው፣ ጉሙ ሳይብስ ብለው ወጡ። አንደኛው መኪና ድንጋይ ካልሞላንበት ጉድጓድ ገባ፤ ሴትየዋም ጭምር ገፍተን አወጣነው።

ዓርብ ሰማዩ አንድም ደመና አልነበረበትም። ሸንተረሩ፣ ገደሉ፣ የወደቀው ገብስ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የሚያየው ሹም ብቻ የለም። ሌሊቱን አልተኛሁም ብዬ አላጋንንም፤ ተኝቻለሁ። ጧት ግን ሴትየዋ ከወደቀው መሐል ለከብት የሚሆነውን ሲያጭዱ አየሁና ባናዬን ደርቤ ወደ መሐል ሜዳ ተነሣሁ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ያ ጥርት ያለ ሰማይ ሐሳቡን ቀየረና ቢሮ የገባሁት ውኃ እያንጠባጠብኩ ነው።

አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የደከማቸው ሰው ነበሩ። የእኔ ቅጽ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። "ደካማ" የሚለው ደርሷል፤ ግን ልዑካኑ በዓይናችን አይተናል ስላሉ ማታውኑ "በጣም ጥሩ" ተብሎ ለዞኑ በስልክ ተነግሯል። በጣም ጥሩ የሚል ሣጥን እኮ የለም አልኳቸው። ጨምረውት ነው አሉኝ።

ማሳው ዳር አብሬያቸው ቆሜ እንደነበር፣ እንዳወቅሁና ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። ለክረምቱ የዘር እርዳታ የሚሰጠው "ደካማ" ለተባሉ ቀበሌዎች ነው፤ ቢያንስ የአንዲት ሴት ስም ይግባልኝ ብዬ ለመንኩ። ለአንድ ቤት የሚሆን ቅጽ እንደሌለ አስረዱኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"እውነቱን ሐሙስ ዕለት ይዘኸው ነበር" አሉኝ። "ዛሬ ዓርብ ነው።"

ደብዳቤ አስጻፉኝ፤ ማኅተም መቱበት፤ ፋይል ውስጥ ከተቱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በተደረገ ግምገማ ያ ደብዳቤ የአመለካከት ችግር እንዳለብኝ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ከፋይል ወጥቶ ሥራ የሠራ ብቸኛው ደብዳቤዬ እሱ ነው።

ቅዳሜ በዝናብ ተመለስኩ። እሳት ዳር ተቀምጬ ለሽማግሌውና ለሚስታቸው ሁሉንም ተናገርኩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌው ተከተለኝ ብለው ከሸንተረሩ ጀርባ ወሰዱኝ። እዚያ በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ ከዚያ በፊት ረግጬው የማላውቅ ሰፊ ማሳ አለ። ገብስ ነው፤ ከሣር ብዙ ያልበለጠ፣ አጭር። በረዶው መትቶት ነበር፤ ግን ገና ለጋ ስለሆነ ቀና ቀና ብሏል። የራሳቸውን የቆየ ዘር ሰማዩን አይተው፣ ከእኔው ምርጥ ዘር ብዙ ሳምንት ዘግይተው የዘሩት ነው። ለእኔ የሰጡኝ ማሳ ከመሬታቸው ሁሉ ጭንጫው እንደሆነም እዚያው ነገሩኝ። ልጅ ነው፣ ይማርባት ብለው ነው።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። ተቆጥቼ ነበር፤ ለመቆጣት መብት ያለኝ ይመስል።

"አንተ ትነግረን ነበር እንጂ መች ጠየቅኸን?"

ለሴትየዋስ አልነገሯቸውም ወይ ስላቸው፣ ነግሬያት ነበር አሉ። ግማሹን በኋላ ዝሪው ብለዋቸው ነበር። ሴትየዋ ግን ግብርናው ተምሮ የመጣ ነው፣ አያሳስተኝም ብለው መለሱላቸው። ይህን ስሰማ ከካቡ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሽማግሌውም ፊታቸውን ወደ ገብሱ አዙረው እስክነሣ ጠበቁኝ።

ያ ክረምት ለሴትየዋ ክፉ ነበር። ሴት ልጃቸውን ቀየት ከተማ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ላኩ፤ ከነበሯቸው በጎች ሳትሸጥ የቀረችው አንዲት ናት። በሰኔ ሽማግሌው ከጎተራቸው አንድ ስልቻ ዘር ሰፍረው አስያዙኝና እኔው ተሸክሜ አደረስኩ። ጎረቤት በደቦ አረሰላቸው። በሬ መያዝ ስለማልችል ጓል ስከሰክስ ዋልኩ፤ እጄ ውኃ ቋጠረ፣ ሰዎቹም ሳቁብኝ። ሴትየዋ ዘሩን እንደ ዱሮው በእጃቸው በተኑት። ስለ መስመር አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሣሁም። ኅዳር ላይ ያንን ገብስ ሰበሰቡ፤ ልጅቱም ተመለሰች።

በተከታዩ ዓመት፣ ጥር ሲገባ፣ ሴትየዋ ወደ ሽማግሌው ቤት መጡና እኔን ፈልገው ደጃፉ ላይ አገኙኝ። ከወረዳው አዲስ ምርጥ ዘር መምጣቱን ሰምተዋል።

"ዘንድሮስ መቼ ልዝራ ትላለህ?" አሉኝ።

ቢሮው የሰጠኝ ቀን በኪሴ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ውስጥ ገብተን ሽማግሌውን ጠየቅናቸው፤ እሳቸውም እንጀራቸውን በልተው እስኪጨርሱ አስጠበቁን።