የሐሙስ ጠዋት አሥራ አንድ ጠብታዎች

ልጆች በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሲያዩዋት ከእናታቸው ቀሚስ ኋላ ይሸጎጣሉ። «እትዬ መርፌ መጣች!» ይባባላሉ። ስሙ እንደ ነጭ ጋዋኗ ልኳ ሆኖ ስለቀረ አትቀየምም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሰው ደም ስትቀዳ የኖረች የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ሌላው ያጣውን ደም ሥር በጣቷ ጫፍ ዳብሳ ታገኘዋለች። «ዓይኔን ጨፍኜ እወጋለሁ» ስትል ጉራ ይመስላል፤ የተወጋ ግን ይመሰክርላታል።

ወደዚህ ሥራ ያመጣት ታላቅ ወንድሟ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ሦስት ሳምንት በትኩሳት ሲነድ ከረመና አንድ ማለዳ ዝም አለ። «ትኩሳት ነው» ተባለ፣ ተቀበረ፣ በቃ። የምን ትኩሳት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ቢጠየቅም የሚመልስ አልነበረም። ፊቱ ከተረሳት ብዙ ዓመቱ ነው። የግንባሩ ትኩሳት ግን እስከ ዛሬ መዳፏ ላይ አለ፤ የታመመ ሰው በነካች ቁጥር ይመጣባታል።

በዚያ ክረምት ታይፎይድ ሰፈሩ ገባ። የበሽተኛው ሰልፍ ከምርመራ ክፍሉ በር ተነስቶ እስከ ግቢው መውጫ ደረሰ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ በዕድሜው ልጇ ሊሆን የሚችል ወጣት ሐኪም፣ የእሷን መዝገብ እየገለጠ «አለበት» የተባለውን ሰው ሁሉ በሰፈሩ ካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ምልክት ያደርግ ጀመር። ነጥቦቹ እዚህም እዚያም ተበተኑ። አንድ ቦታ ላይ ግን እንደ ዝንብ ተከመሩ፤ በአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለው የጭልፋ ምግብ ቤት ላይ።

ጭልፋ ባሏ ከሞተ ወዲህ አሥር ሴቶች ይዛ ምግብ ቤቱን ያቆመች፣ እጇም ምላሷም የማይሰንፍ ሴት ናት። ስሟን ያገኘችው ለደንበኛ ስትጨልፍ ስለማትሰስት ነው።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ካርታውን ለእትዬ መርፌ አሳያት። «ጭልፋን ጨምሮ ከአሥራ አንዱ ሴቶች ዘጠኙ ላይ ተገኝቷል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ረቡዕ ይታሸጋል፤ ለምግብ ቤቶች ተቆጣጣሪው ነግሬዋለሁ። በርስዎ መዝገብ ነው የደረስንበት፣ እትዬ። ያኮራል!»

መኩራት ነበረባት። ነገር ግን አንድ ነገር ጎረበጣት። ከዘጠኙ አንዷ እንኳ አልታመመችም፤ ዛሬ ጠዋት ስታልፍ ሁሉም ድስት ሲያጥቡና ሲሳሳቁ አይታቸዋለች። ወደ ክፍሏ ገብታ መዝገቡን ገለጠች። አሥራ አንዱም የተመረመሩት በአንድ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው በየሦስት ወሩ የጤና ወረቀቱን ለማሳደስ ስለሚመረመር በቡድን መጥተው ነበር።

ያ ሐሙስ ቁልጭ ብሎ ታያት።

ምርመራው ቀላል ነው። ከደም የተለየችው ቢጫ ውሃ አንድ ጠብታ፣ መመርመሪያው ፈሳሽ አንድ ጠብታ፤ መስታወቱን እያወዛወዙ አንድ ደቂቃ ማየት። ጠብታው እንደተበላሸ ወተት ከተቋጠረ «አለ» ይባላል። ደቂቃዋ ካለፈች ግን ጠብታው መድረቅ ይጀምራል፤ የደረቀ ጠብታ ደግሞ ምንም ሳይኖርበት ጠርዙ ላይ ይቋጠራል። ይህን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ለሠልጣኞቹ ሁሉ ያስተማረችው እሷ ናት። በዚያ ሐሙስ ግን ሰልፉ በዝቶባት አሥራ አንዱንም በአንድ ረድፍ ደርድራ ጠብታዎቹን በአንድ ጊዜ ጨመረች። ወዲያው ከማዋለጃ ክፍል «ደም የሚፈሳት እናት አለች፣ የደም ዓይነት ቶሎ!» ተባለ፤ ሮጠች። ስትመለስ ዘጠኙ ጠብታዎች ተቋጥረው ጠበቋት። ሳታቅማማ ጻፈች። አንድ በአንድ የመጡት በሽተኞች በሰዓታቸው ታዩ፤ በቡድን የመጡት ሴቶች ደረቁባት።

መዝገቡን ታቅፋ ወደ ሐኪሙ ተመለሰች።

«ምግብ ቤቱ አይታሸግም፣ ዶክተር። የሐሙሱ ውጤት ተበላሽቷል።»

«ማን አበላሸው?»

«እኔ።»

ሐኪሙ በሩን ዘጋ። «እትዬ፣ ይህን ለተቆጣጣሪው ብንነግረው ከነገ ጀምሮ ላብራቶሪያችንን ማን ያምነዋል?»

«እስከ ዛሬ ያመነን ሳያውቅ ነው። አሁን አውቆ ይመነን።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለነገሩ ይሄ ምርመራ በሰዓቱ ቢታይም ሙሉ እውነት አይናገርም። ድሮ ታሞ የዳነውንም "አለበት" ይለዋል። አንድ ሳምንት ይስጡኝ። ትኩሳት ያለበትን ሰው ኪኒን ውጦ ተህዋሲውን ሳይገድለው ደሙን ልቅዳና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልላክ፤ ተህዋሲው በጠርሙስ ውስጥ ይብቀል፣ በዓይናችን እንየው። የሴቶቹንም ሰገራ እልካለሁ።»

«ምግብ ቤቱ ቢሆንስ? በዚህ ሳምንት የሚታመመው ሰውስ?»

ይህ የዋዛ ጥያቄ አልነበረም። «እስከዚያው ጭልፋ ራሷ ትዝጋው» አለች። «ማሸጊያ ወረቀት ግን አይለጠፍባት። የተዘጋ ይከፈታል፤ በበሽታ የታሸገን ቤት ማን ደፍሮ ይገባበታል?»

ለጭልፋ መንገር ከሁሉ ከበደ።

«አንቺ እቴ» አለች ጭልፋ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ «ጠብታሽ ደረቀና የእኔ ቤት ይዘጋ? የሰውን እንጀራ ቆርጦ ይቅርታ፣ ጥሩ ነው!»

«ስደቢኝ። ስትጨርሺ ግን ዝጊ።»

«መቼ ነው የምጨርሰው? ገና አልጀመርኩም!»

ሰድባ ሰድባ ዘጋችው።

በዚያ ሳምንት እትዬ መርፌ የአሥራ አራት ሰው ደም ቀዳች። ከሰልፉ መሐል «ስንት ኪኒን ውጠሃል?» እያለች ትጠይቃለች፤ «አንድ ሁለት ብቻ» የሚላትን ታስወጣለች፤ «አንድ ሁለት ማለት ስንት ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ!» ሌላም ጥያቄ ጨመረች፤ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ከቤት ቧንቧ ወይስ ከሰፈር ቦኖ? የሁሉንም መልስ ከስማቸው ጎን ትጽፋለች።

ውጤቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በስልክ መጣ። ከአሥራ አራቱ ስድስቱ ላይ ተህዋሲው በቅሏል። ከአሥራ አንዱ ሴቶች አንዷም ላይ የለም። እትዬ መርፌ ስልኩን ሳትዘጋ ስድስቱን ስሞች በመዝገቡ ላይ በጣቷ ተከተለች፤ ታችኛው ቦኖ፣ ታችኛው ቦኖ፣ ታችኛው ቦኖ... ስድስተኛው ፀጉር አስተካካዩ ብቻ «ቤቴ የራሱ ቧንቧ አለው» ብሎ ነበር። ሱቁ ድረስ ሄደች።

«ቀን ቀን ምን ትጠጣለህ?»

«ውሃ ነዋ!»

«ከየት?»

በመቀሱ ጫፍ ጥግ ላይ ያለውን ጀሪካን አሳያት። የሞላው ከታችኛው ቦኖ ነበር።

ሐኪሙ የድሮውን ካርታ ከግድግዳው አውርዶ በአዲስ ላይ ስድስት ነጥብ ብቻ አደረገ። ሰኞ የውሃ ሠራተኞች ወደ ቦኖው የሚሄደውን መስመር ሲቆፍሩ ቧንቧው ከመጸዳጃ ቤቶቹ በሚወርደው ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ተገኘ፤ የተሰነጠቀበት ቦታ በጎማ ቁራጭ ተጠምጥሟል። ቦኖው በዚያው ሰዓት ተዘጋ፤ ለሰፈሩ በቦቴ ውሃ መጣ። እትዬ መርፌም በጋዋኗ እንዳለች የሴቶቹን የውጤት ወረቀት ይዛ ወደ ጭልፋ ሄደች።

«ነጻ ነሽ። ክፈቺ።»

«ከፍቻለሁ» አለች ጭልፋ፣ ባዶዎቹን ወንበሮች በአገጯ እያሳየች። «ሰው ግን ወሬውን ሰምቷል። በመስኮት አይቶኝ ያልፋል። ወረቀትሽን ልብላው?»

እትዬ መርፌ ቤቱን ቃኘች። የአውቶቡስ ሰልፈኛው በመስታወቱ በኩል ያያቸዋል። ከመካከሉ ግማሹን የወጋችው እሷ ናት። በመስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ መርጣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች።

«ከነጋዋንሽ?» አለች ጭልፋ።

«ከነጋዋኔ። አቅርቢ።»

ጭልፋ የምስር ሾርባና ዳቦ አቀረበችላት፤ በቅያሜዋም ይሁን በልማዷ እስከ አፉ ሞልታዋለች። እትዬ መርፌ ሳትቸኩል በላች፤ በዳቦው የሳህኑን ሥር ጠርጋ ጨረሰች። ውጭ አንድ ተሸካሚ ሰልፉን ለቆ ወደ በሩ ጠጋ አለ። ከኋላው ሁለት ተማሪዎች ቆሙ። እሷም ባዶውን ሳህን ከፍ አድርጋ፣

«ጨምሪልኝ!» አለች፣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው እንዲሰማ አድርጋ።