በቀይ ጨርቅ የታሰረ የኮክ ዘር

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ ጥንድ ጫማ፣ አንድ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ አንድ የቅዳሜ ገበያና የአማቴ አመኔታ ነው። አመኔታው ድሮም ብዙ አልነበረም።

ጎረቤቴ አሮጊት ናቸው። ሟች ባላቸው የተከሉት ኮክ ከግድግዳዬ ማዶ ቆሞ ነበር። ነሐሴ ላይ ግቢው ለመንገድ እንደሚፈርስ ተነገራቸው፤ ከጥምቀት በኋላ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። ዛፍ ደግሞ በአይሱዙ አይጫንም። የመጨረሻውን ፍሬ በልተው፣ አንድ እፍኝ ዘር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

«አንድ ብቻ አብቅልልኝ። የእሱን ዛፍ ጥዬ እንዳልሄድ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ባልዲ ነው የምሸጠው።»

«እና ባልዲ ካለህ ምን ጎደለህ?»

ዊንጌት ባለችው ሱቄ ስንቱን ተከራካሪ ረትቻለሁ፤ እማማን ግን አልቻልኳቸውም፤ ዘሩን ተቀበልኩ።

ስልኬ ላይ እንዳየሁት የኮክ ዘር እርጥበት ውስጥ ሆኖ ካልበረደው አይነቃም። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በክር አስሬ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ጀርባ ሸጎጥኩት። ቤት የተገኘው ጨርቅ ቀይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሄጄ እዳስሰዋለሁ። ይሻግት ይሆን? ይደርቅ ይሆን? ፍሪጁን ከፍቼ ስቆም ሚስቴ «ምን አማረህ ደግሞ?» ትለኛለች።

እንጦጦን የሸፈነው ባህር ዛፍም በዘር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ይላሉ። ያን ዘር ይዞ የጠበቀው ሰው እንዴት እንዳደረ ግን የሚናገር የለም። የተክል ወዳጆች ታሪክ ሲወራ የሚቆጠረው የበቀለው ነው። ግማሹ ታሪክ ሥጋት መሆኑ የገባኝ በዚያ ሰሞን ነው።

ኅዳር ላይ አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ከሱቅ ስመለስ ከቅቤው ጀርባ ምንም የለም።

«እናቴ፣ እዚህ የነበረ ቋጠሮ...»

«አወጣሁልህ!» ፊታቸው በርቷል። «መተት ነው። በቀይ ጨርቅ፣ በክር ታስሮ፣ ያውም ምግብ መሀል! ጠዋት እንጦጦ ማርያም ስሳለም ይዤው ሄጄ፣ ጸበል ረጭቼ ከመንገዱ በታች ጣልኩት። ያሰረብህ ይፈር!»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

አማቴ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ዘር ነው ብል ማን ይስማኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሱቄን ዘግቼ እንጦጦ ወጣሁ። የጫማዬ ሶል ዳገቱ ላይ ቀረ። ቋጠሮው ባህር ዛፎቹ ሥር እንደወደቀ ነው። ላነሳው ሳጎነብስ አንዲት ጭራሮ የተሸከሙ ሴት ጮኹ።

«ወንድሜ፣ እንዳትነካው! የሰው መተት ነው። ከትናንት ጀምሮ ሁሉም እያማተበ ነው የሚያልፈው።»

«የኔ ነው።»

ከነሸክሙ እንዲያ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ክሩ አልተፈታም። በጸበሉ ይሁን በብርዱ፣ ጨርቁ እንደራሰ ነው። ዘሩ ግን ሻግቷል፤ አንዱ ብቻ፣ ሳገላብጠው፣ ስንጥቅ ብሎ ነጭ ሥር አውጥቷል። የተሰነጠቀው ባልዲ ውስጥ ቀበርኩት።

ጎረቤቴ በየጠዋቱ ከግድግዳው በላይ «ተነሳ?» ይሉኛል። «ይነሳል፣ እማማ» እላለሁ። ነጋዴ ነኝ፤ የሌለኝን ዕቃ ነገ ይመጣል ማለት አያቅተኝም። ይኼኛውን ባልኩ ቁጥር ግን ወደ ባልዲው እሮጥ ነበር።

ለገና አፈሩን ገፍቶ ወጣ። ከጥምቀት በኋላ አይሱዙው መጣ። እማማ ጋቢና ገብተው ባልዲውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፤ ኮኩን የሚቆርጠው መጋዝ ሲጀምር ዞረው አላዩም፣ ሁለቱን ቅጠል በመዳፋቸው ከነፋስ ከልለው ሄዱ።

አማቴ እስከ ዛሬ ፍሪጄን ሳያማትቡ አይከፍቱም።

የገባ፣ አንድ እፍኝ ዘር። የበቀለ፣ አንድ። እኔ ጋ የቀረ፣ የለም።