ሙሽሪት ስትጠብቀን ጭቃ የያዘን ቀን

የካቶሊክ ሚሲዮን ሾፌር ሆኜ ሥራ የጀመርኩት አዋሳ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በራሽን በሚታደልበት ዘመን። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ጣሊያናዊው ቄስ አባ ሉቺያኖ የላንድሮቨሯን ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት አፈጠጡብኝ።

«ጴንጤ ነህ አሉ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ጥሩ። እኔ ስጸልይ ግን ዓይንህን እንዳትጨፍን፤ መንገዱን እይ።»

ሳቅኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው።

ሥራችን በሲዳማ ተራሮች ላይ የተበታተኑትን ጸሎት ቤቶች መዞር ነበር። እሳቸው ያጠምቃሉ፣ ያጋባሉ፤ እኔ ጎማ እለውጣለሁ፣ ፍሪሲዮን አስተካክላለሁ፣ ጭቃ እዝቃለሁ። ማናችን ይበልጥ እንደምንደክም ስንከራከር እንውላለን።

አንድ ክረምት ሠርግ ነበረን። መጀመሪያ በተቀጠረው ቀን ቤንዚን አጥተን ቀርተናል። የሙሽሪት አባት «ዛሬም ከቀሩ ልጄን ወደ ቤቴ እመልሳለሁ» ብሎ ልኮብናል። አባ የሚይዙትን የሚጨብጡትን አጡ። መንገድ ላይ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች ሳይ ላቆም ፍጥነት ቀነስኩ። በዚያ አገር ሽማግሌ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ተወርዶ ሰላም ይባላል።

«አትቁም! ንዳ!» አሉኝ አባ።

ነዳሁ። መታጠፊያውን እንዳለፍን ላንድሮቨሯ ሆዷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ሰመጠች። ጎረምሶች ኮረብታው ላይ ቆመው ያዩናል፤ የሚወርድ ግን የለም።

«ለምንድነው የማያግዙን?»

«ሽማግሌዎቹን አልፈን ስለመጣን ነው፣ አባ።»

ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጭቃው ተመለሱ። እኔም ተከተልኩ። ትልቁ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩንና «መኪናችሁ ቸኩላ ነበር። አሁን አረፈች?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። አባ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ የጤናው፣ የከብቱ፣ የእንሰቱ ጥያቄ ተራ በተራ መጣ። ጣሊያን ያሉት የአባ እናት ላም እንኳ ሳትጠየቅ አልቀረችም። ሲያበቃ ሽማግሌው ወደ ኮረብታው ተጣሩ፤ ጎረምሶቹ እየዘፈኑ መኪናዋን አወጧት። ሽማግሌዎቹም «ሠርግ ከሆነማ እኛም እንሄዳለን» ብለው ከኋላ ተሳፈሩ።

ስንደርስ አባትየው የልጁን እጅ ይዞ ከግቢው እየወጣ ነው። ሙሽሪት ታለቅሳለች። ሽማግሌዎቹ ቀስ ብለው ወረዱና ሰላምታቸውን ጀመሩ፦ ጤናው እንዴት ነው፣ ከብቱስ፣ እንሰቱስ? ሰውየው የሽማግሌ ሰላምታ አቋርጦ አይሄድ ነገር፣ የልጁን እጅ ለቆ መልስ ይሰጥ ጀመር። ገና ከብቶቹን ተናግሮ ሳይጨርስ አባ ልብሰ ተክህኗቸውን ለብሰው የጸሎት ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ሙሽሪት እየሮጠች ገባች። እኔ ጴንጤው መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ወጣት ሾፌሮች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ገጠር ስትወጡ ለሰላምታ የሚበቃ ሰዓት ይዛችሁ ውጡ እላቸዋለሁ።