የክሌም ባይስ የመሃል ስም

ኖላ ፔንግሊ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በድሮዋ የመዳብ ማዕድን ከተማ በሙንታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። ከሥራዋ ጎን ለጎን ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ስትፈልግ ኖራለች፤ የአጎቷን የክሌምን አባት።

ክሌም ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው። እናታቸው ላቭዴይ ሳታገባ ነው የወለደቻቸው። በልደት ወረቀታቸው ላይ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው፤ ባይስ የሚባለው የቤተሰብ ስማቸውም የእናታቸው ነው። ልጅ ሳሉ «ዲቃላ» እየተባሉ ስንቴ ተደባድበዋል መሰላችሁ! ዘንድሮ ለፋሲካ ሰሞን ታመው ሲተኙ ኖላን አስጠርተው፣ «የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳላውቅ አትቅበሩኝ» አሏት።

ኖላ ያልፈተሸችው ነገር አልነበረም፤ የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር በሉት፣ የመዳብ ማዕድኑ የሠራተኞች መዝገብ በሉት። እኔና እሷ የከተማችን የቤተሰብ ታሪክ ማኅበር አባላት ነን። ረቡዕ ረቡዕ በአሮጌው ትምህርት ቤት ተሰብስበን፣ ሻይና ፓስቲያችንን፣ ሥጋና ድንች የተሞላውን የሊጥ ጥብሳችንን፣ ይዘን የድሮ የክርስትና መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። የአገለባበጡን ደንብ ያወጣችው ራሷ ኖላ ናት፦ የልጁ ስምና መጨረሻ ላይ ያለው የቤተሰብ ስም ብቻ ይገልበጥ፣ የመሃሉ ይዘለል። የመሃል ስም እኛ ዘንድ ጌጥ ነው፤ ማን ልብ ይለዋል! እኔ ግን ደንብ ቶሎ ይሰለቸኛል። በዚያ ረቡዕ የመሃሎቹን ስሞች እንዲሁ ለጨዋታ ማንበብ ጀመርኩ።

አንድ ገጽ ላይ አባታቸው ያልተጻፈ ሰባት ልጆች አገኘሁ። የሰባቱም የመሃል ስም ከማዕድኑ መዝገብ የማውቀው የአንድ ሠራተኛ የቤተሰብ ስም ነው። ሌላ ገጽ ገለጥኩ፤ እንደዚያው! እነዚያ ሴቶች የአባትየውን ስም በቦታው ማስጻፍ ቢከለከሉ፣ በልጁ ስም መሃል ሸጉጠውት ኖሯል።

«ኖላ!» ብዬ ጮህኩ። «የአጎትሽ ሙሉ ስም ማን ነው?»

«ክሌም ባይስ። ምን ያስጮህሻል?»

«ሙሉውን አልኩሽ እኮ!»

«ክሌመንት ስፓርጎ ባይስ። እሱ እንኳ መሃሉን ጽፎት አያውቅም። አያቴ ስሙ ደስ ብሏት ነው…»

አላስጨረስኳትም። መዝገቡን አፍንጫዋ ሥር ደቀንኩት። አነበበች፤ ፓስቲው ከእጇ ወደቀ።

«ወይ ድንቁርናዬ! ሠላሳ ዓመት!»

«ደንብሽን ባከብር ኖሮ ሌላ ሠላሳ ትጨምሪበት ነበር» አልኳት። ከሳቃችን ብዛት እንባችን መጣ።

ስም ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። በዚያው ሳምንት ስፓርጎ ለሚባል ሁሉ ስልክ ደወልን። አርብ ዕለት ከጎረቤት ከተማ ከዋላሩ ቴልማ የሚባሉ የሰማንያ አምስት ዓመት ሴት አነሱ፤ አባታቸው ጆብ ስፓርጎ በወጣትነቱ ሙንታ ማዕድን ቆፋሪ ነበር። የክሌምን ስም ሳንጠራ ነገሩን ነገርናቸው።

«ልጁ የተወለደው መቼ ነው?» አሉን።

«ማርች 11፣ 1922።»

«ነገ እመጣለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ቅዳሜ ጠዋት ክሌም ወዳሉበት የአረጋውያን ማረፊያ ቴልማ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ታቅፈው መጡ። ገና ከበሩ ሁለቱ አፍጥጠው ተያዩ።

«አንተ ነህ እንዴ! በሣር ሜዳ ኳስ ማንከባለል ውድድር ሃያ ዓመት ያስለቀስከን አጭበርባሪ!»

«አንቺ ደግሞ መሸነፍ የማታውቂዋ ቴልማ!»

ቴልማ አጠገባቸው ተቀምጠው መጽሐፉን ከፈቱት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጆብ የአራት ልጆቹን ስም ከነልደት ቀናቸው ጽፏል። ከአራቱ በላይ ግን ስም የሌለው መስመር አለ፤ ቀን ብቻ። ማርች 11፣ 1922።

«ልጅ ሳለሁ ይኼ ማን ነው ብዬ ጠየቅኩት» አሉ ቴልማ። «‹ታላቅሽ ነው፤ ስሙን አልነገሩኝም› አለኝ። ሌላ አልጨመረም።»

ክሌም ገጹን በጣታቸው እየዳሰሱ ቆዩ።

«ስሙን ይዤ መኖሬን አያውቅም ነበር ማለት ነው?»

«አያውቅም ነበር።»

«እስኪ እስክሪብቶ ስጪኝ» አሉ።

ቴልማ ገጹን ያዙላቸው። ክሌም ባዶው መስመር ላይ ሦስቱንም ስም ጻፉ፤ የመሃሉን ከሁሉም አጉልተው።